በላይነሽ እንደተረጎመችው ዳኑብ

ዋፊቃ ከጀርመን አገር ደውላ እናትና አባቷን በዳኑብ ወንዝ ላይ በመርከብ ልታስጎበኛቸው እንዳሰበች ስትነግራቸው፣ አባቷ ኡበይደላ እስከ መጨረሻው አዳመጠና «ልጄ፣ አላህ ይስጥሽ፤ እኔ ግን ጎማ የሌለው ነገር ላይ አልወጣም» አላት። ዕድሜውን ሙሉ ከአዳማ ጅቡቲ የጭነት መኪና ሲነዳ የኖረ ሰው ነው። አውሮፕላኑ እንኳ ጎማ እንዳለው ብታስረዳው «እሱ ደግሞ የባሰው! ገና እንደተነሣ አጥፎ ይደብቀዋል» ብሎ ስልኩን ለሚስቱ አቀበለ።

ሚስቱ በድሪያ መሄድ ፈልጋለች። በወጣትነቷ ጅዳ ሠርታ ከተመለሰች ወዲህ ፍራንኮ ሰፈር ካለው የጨርቅ ሱቋ ርቃ ሄደች ቢባል ወይ ሶደሬ ለፍል ውሃ፣ ወይ ደሴ ለዘመድ ሠርግ ነው። ችግሩ ቋንቋ ነበር። አረብኛዋ የተቃና ነው፤ እንግሊዝኛዋ ግን «ሃው ማች» ላይ ይቆማል። ዋፊቃ ደግሞ የምትሠራበት ሆስፒታል ፈቃድ ስላልሰጣት፣ መርከቡ ላይ አሳፍራቸው መጨረሻው ከተማ ላይ ልትቀበላቸው ነው ያሰበችው። ስለዚህ በአባቷ ምትክ እንግሊዝኛ የሚያውቅ ሰው መሄድ ነበረበት።

በእኛ ሰፈር እንግሊዝኛ የሚያውቅ ሰው ሲባል ስሙ የሚነሣው አንድ ነው፤ የበድሪያ የግድግዳ ጎረቤት በላይነሽ። ባሏን በሞት ካጣች ቆይታለች፤ ከማዘጋጃ ቤትም በጡረታ ከወጣች ሰንብታለች።

«እትዬ በላይነሽ፣ እንግሊዝኛውን ይችሉታል አይደል?» ብላ ዋፊቃ በስልክ ጠየቀቻት።

«ልጄ፣ ያን ሁሉ ዘመን ማዘጋጃ ቤት የተቀመጥኩት ምን እየሠራሁ መሰለሽ?»

ልብ ብሎ ለሰማው ይሄ መልስ አይደለም። በላይነሽ የእንግሊዝኛ ደብዳቤ መጻፍ ትችል ነበር፤ ያውም አሳምራ። ፈረንጅ ሲናገር መስማት ግን ሌላ ሙያ ነው። ማዘጋጃ ቤቱ የውጭ እንግዳ በተቀበለ ቁጥር እሷ እንደ አጋጣሚ ፈቃድ ላይ ነበረች። ይሄንን ደግሞ ማንም ልብ ብሎት አያውቅም።

ሊሄዱ ሲሉ ሰፈሩ ሁሉ መካሪ ሆነ። ባለ ጋራዡ ጀቤሳ ከመኪና ሥር ብቅ ብሎ «አካም፣ እትዬ በድሪያ! ያ ወንዝ እንደ አዋሽ አዞ አለው እንዴ?» አላት። በድሪያ ለዋፊቃ ደውላ አጣራች። የለውም። ቢሆንም በድሪያ ከመርከቡ ጫፍ ራቅ ብላ ለመቀመጥ ወሰነች።

ፓሳው በምትባል ከተማ ሲደርሱ ያገኙት መርከብ፣ ከመርከብ ይልቅ ውሃ ላይ በጎኑ የተኛ ሆቴል ይመስል ነበር። ዋፊቃ ወደ ክፍላቸው አስገባቻቸው፤ ሥጋ እንደማይበሉ ለአስተናጋጆቹ ነገረች። አስተናጋጁ ስለ ዓሣ ጠየቀ። ዋፊቃ እናቷ ዓሣ ሁልጊዜ እንደምትበላ፣ እትዬ በላይነሽ ደግሞ ረቡዕና ዓርብ እንደማትበላ አስረዳችው። ሰውየው ሁለቱንም በየተራ አያቸውና «አንድ ቤተሰብ ናቸው?» አለ። «ያው ናቸው» አለች ዋፊቃ። እናቷን አቅፋ ትንሽ አለቀሰችና ወረደች።

የመርከቡ ሥርዓት ቀላል ነው። ጠዋት አንዲት የድሮ ከተማ ዳር ይቆማል፤ ሽማግሌና አሮጊት ፈረንጆች በቡድን ይወርዳሉ፤ ቀይ ዣንጥላ ያነሣች አስጎብኚ ከፊት ትሄዳለች። የምትናገረው በየሰው ጆሮ በተሰካ ማዳመጫ ይሰማል። ወደ በላይነሽ ጆሮ የሚገባው ግን ቆርቆሮ ጣራ ላይ እንደሚወርድ ዝናብ ነበር፤ ድምፁ አለ፣ የሚጨበጥ የለውም።

የመጀመሪያዋ ከተማ ሜልክ ናት። ገደል ላይ የተሠራ፣ ሰማይ የሚያክል ቢጫ ገዳም አለ። አስጎብኚዋ ግቢው መሃል ቆማ ብዙ ተናገረች። ስትጨርስ በድሪያ የጓደኛዋን ክንድ ያዝ አድርጋ «ምን አለች?» አለቻት።

ከዚያ ሁሉ ንግግር በላይነሽ የያዘችው አንድ ቃል ነው፤ «ብራዘርስ»። ፈረንጆች መነኮሳታቸውን ወንድሞች እንደሚሏቸው አታውቅም።

«ወንድማማቾች ናቸው አለች።»

«እነማን?»

በላይነሽ ቢጫውን ግንብ ቀና ብላ አየችው። ግንቡ አልረዳትም። «ሁለት ወንድማማቾች ነበሩ» አለች ቀስ ብላ፤ «አባታቸው ይሄንን ቤት ትቶላቸው ሞተ። ትልቁ ለእኔ ነው አለ፣ ትንሹም ለእኔ ነው አለ። ሽማግሌ ገባ፤ አልተስማሙም። ችሎት ቆሙ፤ አልተስማሙም። እናትየው አንድ ቀን በር ላይ ወጥታ፣ ‹ለሁለታችሁም እንዳይሆን› አለችና ቤቱን ለገዳም ሰጠችው።»

ይሄ የወለንጪቲው የጆቴ ልጆች ጉዳይ ነው። ፋይሉ በላይነሽ ጠረጴዛ ላይ ስንት ዓመት ከርሟል። የጆቴ ሚስት ቤቱን ለገዳም አልሰጠችም እንጂ ሌላው እንዳለ ነው።

የበድሪያ ዓይን እንባ አቀረረ። «እናት መሆን!» አለች፤ በሻሿ ጫፍ ዓይኗን ጠረገች። በላይነሽ ይሄን ስታይ ደነገጠች፤ ትንሽ ደግሞ ደስ አላት።

ከሰዓት በኋላ በድሪያ ለባሏ ደውላ ታሪኩን አንድ ሳታስቀር ነገረችው። ኡበይደላ በጣም ተገረመ። «አይ ፈረንጅ! እነሱም ጋ እንዲህ ነው?» አለ። በማግስቱ ለነጀቤሳ አወራላቸው፤ ጋራዡም ለሁለት ተከፍሎ ሲከራከር ዋለ፤ ግማሹ ለትልቁ፣ ግማሹ ለትንሹ ፈረደ።

ቀጥሎ ዱርንሽታይን የሚባል ቦታ ቆሙ። ተራራ ጫፍ ላይ የፈረሰ ቤተ መንግሥት አለ። በላይነሽ በዚህኛው ሁለት ቃል ያዘች፤ «ኪንግ» እና «ሲንግ»። ይሄ ለእሷ ሀብት ነው። ንጉሡ ዘፈን ይወድ ነበር፣ ድምፁ ግን የሚያስጠላ ነበር፣ ሚስቱ በቤቴ አትዘፍንም ስላለችው የሚዘፍንበት ቤት ተራራ ላይ ሠራ አለቻት። በድሪያ ሳቋ አላቆም ብሎ ቁልቁለቱን በላይነሽን ተደግፋ ወረደች። አብረዋቸው የሚጓዙ አንድ ሽማግሌ ሲስቁ አይተው እሳቸውም ሳቁ። ሁሉም ሰው እዚያ ስለታሰረ ንጉሥና እየዘፈነ ፈልጎ ስላገኘው አዝማሪ ሰምቶ ተክዞ ሲወርድ እነዚህ ሁለቱ ብቻ ምን እንዳሳቃቸው አልገባቸውም።

ቪየና ሲደርሱ ነገሩ ተበላሸ።

ቤተ መንግሥት ሊያዩ ገቡ። እዚያ አስጎብኚዋ አትናገርም፤ በር ላይ ለእያንዳንዱ ሰው በየቋንቋው የተቀዳ ማዳመጫ ይሰጣል። በላይነሽ መጸዳጃ ቤት ሄዳለች። የምታድለው ልጅ የበድሪያን ሻሽ አየችና «አራቢ?» አለቻት። በድሪያ ጭንቅላቷን ነቀነቀች። ጆሮዋ ላይ ስትሰካው እንደ ጅዳ ሬዲዮ የጠራ አረብኛ ሰማች፤ እንኳን ደህና መጣችሁ ይላል። በላይነሽ ስትመለስ ምንም አላለቻትም።

የመጀመሪያው ክፍል ረጅም ወንበር የተደረደረበት ነው። አረብኛው፣ አቤቱታ ያላቸው ሰዎች ንጉሠ ነገሥቱን ለማየት ተራ የሚጠብቁት እዚህ ነበር አለ።

«ይሄስ ምንድን ነው አሉ?» አለች በድሪያ።

«ሚዜዎች የሚቀመጡበት ነው።»

«ማሻአላህ!»

ቀጥሎ ያለው ክፍል ውስጥ ቀጭን የብረት አልጋ አለ። ንጉሠ ነገሥቱ የሚተኛበት ይሄ ነው፤ ጎህ ሳይቀድ ተነሥቶ ሥራ ይጀምር ነበር አለ አረብኛው።

«ይሄስ አልጋ? ለንጉሥ አነሰች» አለች በድሪያ።

«ከሚስቱ ሲጣላ የሚመጣው እዚህ ነው» አለች በላይነሽ ሳታመነታ። አሁን ትርጉሙ ለምዶላታል፤ መስማትም ትታለች።

«ብዙ ይጣሉ ነበር?»

«አልጋውን እይው፤ መሃሉ ጎድጉዷል።»

በድሪያ ከንፈሯን ነክሳ ሳቋን ዋጠች። ቀጥሎ የገቡበት ክፍል ግድግዳ ላይ ትልቅ ሥዕል ተሰቅሏል፤ አንዲት ወፍራም ንግሥት ተቀምጣ ልጆች ዙሪያዋን ከበዋታል።

«ይቺ ልጆች ነበሯት?»

«አንድ ብቻ። እሱም ሕመምተኛ ነበር፤ ሆዱን ያመዋል።»

«ታዲያ እነዚህ ሁሉ የማን ናቸው?»

በላይነሽ ሥዕሉን ያኔ ገና ልብ ብላ አየችው። ከዚያ «የጎረቤት ልጆች ናቸው፤ ለሥዕሉ የመጡ» አለች።

«አይ፤ ይሄኛው ግን አሥራ ስድስት ወልዳለች ነው የሚለኝ» አለች በድሪያ ጆሮዋን እያመለከተች፤ «በአረብኛ!»

ከዚህ በላይ መቻል አልቻለችም። ሳቋ ፈነዳ። መከለያው ገመድ ላይ ተደገፈችና ገመዱ ከነምሰሶው ሊወድቅ ሲል ጠባቂው ሮጦ መጣ። «የጎረቤት ልጆች! ያ አላህ!» ትላለች፤ እንባዋ ይወርዳል። በላይነሽ አብራት የምትስቅ መስሏት ነበር።

በላይነሽ አልሳቀችም። ማዳመጫዋን ነቅላ በእጇ ያዘችው። «ከመጀመሪያው ክፍል ጀምሮ እየሰማሽ ነው የጠየቅሽኝ?»

«እንድንስቅ ብዬ ነው እንጂ…»

«እኔ የመጣሁት ለቋንቋ ነው» አለች በላይነሽ። «አላውቅም ብልሽ ታዲያ ምን ልሠራ መጣሁ? ዓሣ ልበላ?» አለችና የቀሩትን ክፍሎች ሳታይ ወጥታ አውቶቡሱ ውስጥ ተቀመጠች።

ያን ቀን እራት ላይ አልተነጋገሩም። ጨው ሲፈልጉ እንኳ አስተናጋጁን ነው የጠየቁት፤ ጨው ማለት ደግሞ ለሁለቱም በምልክት ነው። ኡበይደላ ደውሎ «ዛሬስ ምን አያችሁ?» ሲል በድሪያ «አልጋ» ብላ ዘጋችበት።

በማግስቱ መርከቡ ብራቲስላቫ ቆመ። በላይነሽ እግሬን አሞኛል ብላ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ተኛች። በድሪያ ብቻዋን ወረደች።

ከተማይቱ ውብ ናት፤ መንገዶቿ ጠባብ፣ ድንጋያቸው በዘመን ብዛት የለሰለሰ። አስጎብኚዋ በጆሮዋ ትንጫጫለች። በድሪያ ቤት አየች፣ ቤተ ክርስቲያን አየች፣ ደግሞ ቤት አየች። አንድ ማዕዘን ላይ፣ ከመንገድ ፍሳሽ ጉድጓድ ውስጥ ግማሽ አካሉን ያወጣ የነሐስ ሰውዬ አለ፤ ክንዱን ጉድጓዱ አፍ ላይ አስደግፎ የሚያልፈውን ሰው ያያል፣ ፈገግ ብሏል። አስጎብኚዋ አንድ ነገር ተናገረችና ፈረንጆቹ ሁሉ በሳቅ ፈነዱ። በድሪያ ዘወር ብላ በጎኗ ያለውን ሰው አየች፤ የማታውቀው ሰው ነው። «ምን አለች?» ብትለው ምን ሊላት ነው? ብቻዋን ስትስቅ እንዳትታይ ብላ ትንሽ ፈገግ አለች። ከዚያ የነሐሱን ሰውዬ በስልኳ አነሣችውና ከሁሉም ቀድማ ወደ መርከቡ ተመለሰች።

በላይነሽ እንደተኛች ነበረች። በድሪያ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠችና ለግድግዳው እንደምታወራ ጀመረች።

«ዛሬ ያየሁት ሰውዬ የማዘጋጃ ቤት ሠራተኛ ነው።»

በላይነሽ ብርድ ልብሱን ወደ ጆሮዋ ሳበች።

«ፍሳሽ ሊጠግን ጉድጓድ ገባ። ከዚያ አለቃው ደብዳቤ እስኪፈርምለት አይውጣ ተባለ። ሲጠብቅ፣ ሲጠብቅ፣ ነሐስ ሆኖ ቀረ።»

ከግድግዳው በኩል ድምፅ መጣ። «የፍሳሽ ጥገና በደብዳቤ አይደለም የሚሠራው። በሥራ ትእዛዝ ነው።»

«እንዲህ ነው የተባለው። እኔ ምን አውቄ?»

«ማን አለሽ?»

«ማንም።»

በላይነሽ ዞር አለች። ስልኩን ከበድሪያ እጅ ወሰደችና መነጽሯን አድርጋ የሰውየውን ፊት አጉልታ አየች። «ይሄ ሠራተኛ አይደለም» አለች፤ «ፍሳሽ ውስጥ የገባ ሠራተኛ እንዲህ አይስቅም። ይሄ ሚስቱን ገበያ ሲሸኝ አመመኝ ብሎ ቤት የቀረ ነው። ከጓደኞቹ ጋር ሊጫወት ሲወጣ ሚስቱ ቦርሳዋን ረስታ ስትመለስ አያት። ጉድጓዱ ውስጥ ዘለለ። አሁን ማለፏን እያየ ነው።»

«አለፈች?»

«አላለፈችም። እዚያ ጥግ ቆማ ነው የምትጠብቀው። አውቃበታለች።»

ሁለቱም እኩል ሳቁ። ሳቁ ሲበርድ በላይነሽ መነጽሯን አወለቀች። «ሴትዮዋ የምትለው አይገባኝም፣ በድሪያ። ጽፋ ብትሰጠኝ ይገባኝ ነበር።»

«አውቃለሁ።»

«ከቪየና ወዲህ ነዋ።»

«ከሜልክ ጀምሮ። የጆቴን ልጆች የማላውቃቸው መሰለሽ? ሱቄ በር ላይ አይደል እንዴ ለድብድብ የተጋበዙት?»

በላይነሽ ቁጭ አለች። «ታዲያ ምን አስለቀሰሽ?»

«የጆቴ ሚስት አሳዘነችኝ። ያኔ ሱቅ ሥራ በዝቶብኝ አላለቀስኩላትም» አለች በድሪያ። «ዝም ያልኩሽ ጥሞኝ ነው። ቪየና ላይ ሳቁ አመለጠኝ እንጂ አልናገርም ነበር። ዛሬ ብቻዬን ስዞር ደግሞ ምን እንዳየሁ ራሱ አላውቅም፤ ድንጋይ ነው ያየሁት።»

በላይነሽ ጫማዋን ከአልጋው ሥር ፈለገች። እግሯ ድኗል። መርከቡ ሳይነሣ ሰውየውን ላሳይሽ ብላ በድሪያ እየጎተተች ወሰደቻት። የሚስትየውን መቆሚያ ጥግ ሳይቀር ለይተው መጡ።

ቡዳፔስት ላይ ዋፊቃ አበባ ይዛ ተቀበለቻቸው። ልጅቱ ከመምጣቷ በፊት አንብባ ነበር፤ ድልድዩን፣ ቤተ መንግሥቱን፣ ምክር ቤቱን እያሳየች በዚህ ዓመት ተሠራ፣ በዚህ ጦርነት ፈረሰ፣ በዚህ ዓመት ደግሞ ታደሰ አለቻቸው። ትክክል ነበረች። እናቷና እትዬ በላይነሽ አንገታቸውን እየነቀነቁ ተከተሏት።

«እዚህ ቤት የኖሩት ሰዎች ግን» አለች በድሪያ በመጨረሻ፤ «ከአማቶቻቸው ጋር ይስማሙ ነበር?»

«እሱን እኔ ምን አውቄ፣ እማ? መጽሐፉ ላይ የለም።»

ሁለቱ ተያዩ። እግራችን ደክሟል አሉ፤ ዋፊቃም ወደ ፍል ውሃ ወሰደቻቸው።

የቡዳፔስት ፍል ውሃ ቤት ቢጫ ነው፤ ጉልላትና ምሰሶ አለው፤ መሃሉ ላይ ሰማይ ያየዋል፣ እንፋሎቱ ይጨሳል። ዋፊቃ ለእናቷ ሰውነት የሚሸፍን የዋና ልብስ አዘጋጅታ ነበር። በላይነሽ ደግሞ በተዋሰችው የዋና ልብስ አፍራ ነጠላዋን ደርባ ልትገባ ስትል ሠራተኛዋ ከለከለቻት። ወንዶች ፊት እንዲህ ሆኜ አልወጣም ብላ ብዙ ተከራከረች፤ በእጇ፣ በአማርኛ፣ በመጨረሻም በደብዳቤ እንግሊዝኛ። ሴትየዋ ግን ነጠላውን አጥፋ በክብር አስቀመጠችላት። ከዚያ በላይነሽ ሩጫ በሚመስል እርምጃ ውሃው ውስጥ ገብታ እስከ አንገቷ ተደበቀች።

በድሪያ ውሃውን በመዳፏ ዘግና አሸተተችው። «የሶደሬው ይሞቃል» አለች።

«የሶደሬው ምሰሶ የለውም።»

«በምሰሶ ነው እንዴ የሚታጠቡት?»

አጠገባቸው ሁለት ሽማግሌዎች ደረታቸው ድረስ ውሃ ውስጥ ሆነው ቼዝ ይጫወታሉ። ከመካከላቸው አንዱ ጢሙን እየጎተተ ያስባል። በድሪያ አየቻቸው፣ ከዚያ ወደ ጓደኛዋ ጠጋ አለች።

«ማን እየረታ ነው?»

በላይነሽ አንገቷን ሰግጋ ሰሌዳውን አየችና «አላውቅም» አለች። «ቼዝ አላውቅም፤ የእነዚህንም ቋንቋ አላውቅም።»

ዋፊቃ ከኋላ ሆና «ነጩን የያዙት ናቸው…» ብላ ስትጀምር እናቷ ውሃ ረጨችባት። «አንቺን ማን ጠየቀሽ! በይ፣ በላይነሽ፤ ባታውቂም ንገሪኝ።»

በላይነሽ ጢማሙን ሰውዬ ደጋግማ አጠናችው። «ይሄኛው» አለች ድምጿን ዝቅ አድርጋ፤ «ቢሸነፍ ልጁን ለዚያኛው ልጅ ሊድር ቃል ገብቷል። አሁን መሸነፍ ይፈልጋል፤ ችግሩ ጓደኛውም መሸነፍ ይፈልጋል።»

ቦሌ ሲያርፉ ኡበይደላ በፒካፑ መጥቶ ይጠብቃቸው ነበር። ሻንጣቸውን ጫነ፣ ፈጣኑን መንገድ ያዘ፤ ደብረ ዘይት ሳይደርሱ ሁለቱም ኋላ ወንበር ላይ ተደጋግፈው እንቅልፍ ወሰዳቸው። ጋራዥ ውስጥ ሰው ሁሉ ወሬ እየጠበቀው ነው። ሞጆ አካባቢ ሲደርስ አልቻለም፤ ጉሮሮውን አንዴ፣ ሁለቴ ጠረገ። በድሪያ አንድ ዓይኗን ገለጠች።

«የመጨረሻዋ ከተማስ እንዴት ነበረች?» አላት።

«የዋፊቃን ልንገርህ፣ የበላይነሽን ወይስ የእኔን?»

«አጭሩ የትኛው ነው?»

«የዋፊቃ።»

ኡበይደላ አሰበ። በዚህ ፍጥነት ከሄዱ አዳማ እንደሆነች እዚህች ናት። ዕድሜውን ሁሉ ሰው ሲቀድም የኖረው ሰው እግሩን ከነዳጁ ላይ አነሣና ቀኙን መስመር ይዞ ቀስ አለ፤ አንድ ሽንኩርት የጫነ አይሱዙ ጥሩንባውን እየነፋ አለፈው።

«ከሁለቱ ረጅሙን ጀምሩ» አለ።

በላይነሽ ዓይኗን ሳትገልጥ «ውሃ ውስጥ ሁለት ሽማግሌዎች ነበሩ» ብላ ጀመረች።